«ጥፋቱ ይገመት» ሲባል ምን ይጻፋል?

የሐይቁ፦ ሰላም ወገኖች። ሽምግልና ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። የጎረቤት በሬዎች ገብተው ጤፍ በልተዋል። አንዱ አባት «በሉ ጥፋቱ ይገመት» አሉ። የተበላው እህል ነው ወይስ የባለበሬው በደል? «ጉዳት» ልበለው «ጥፋት»?

ቅኔ ቤት፦ ከግሱ ተነሣ ወንድሜ። ግእዙ ጠፍአ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው እሳት ነው። አገር ጠፋ፣ ሰው ጠፋ የኋላ ናቸው። «አጠፋሁ፣ ይቅር በሉኝ» ደግሞ ከሁሉም የኋላ።

ቦሩ ሜዳ፦ ጠፍዐ! በዐይኑ ዐ።

ቅኔ ቤት፦ በአልፉ አ። የት ነው የተማርከው?

የዳና ደረሳ፦ በአልፉ ነው። ዐረብኛውም ጠፊአ ይላል፣ እሳት ሲጠፋ። መጨረሻው ሀምዛ፣ ማለት የእናንተው አልፍ፣ እንጂ ዐይን አይደለም።

ቦሩ ሜዳ፦ ለግእዝ ዳኛ ከዐረብኛ?

የዳና ደረሳ፦ ወሎ ነው ያለኸው አቦ!

ጦሳ፦ ጤፍ ራሱ «ጠፋ» ከሚለው ነው የመጣ። ከእጅ ካመለጠ አይገኝማ።

ቅኔ ቤት፦ የቡና ወሬ። «ጠፍ መሬት» ብትል እሺ። ጥፋትን በግእዝ ከፈለጋችሁ ሙስና አለላችሁ። ዳዊት 15 ላይ «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና» ይላል። ጉቦ እንዳይመስላችሁ፣ የመቃብር መበስበስ ነው።

የዳና ደረሳ፦ የዐረብኛው ፈሳድም እንዲሁ ነው። መበላሸትም ነው፣ ዛሬ ጉቦውንም ይሉታል።

ጦሳ፦ እንግዲያው በሬዎቹ ሙሰኞች ናቸው። በልተዋላ!

የሐይቁ፦ ኧረ ቃለ ጉባኤው ነገ ይፈለጋል።

ወልድያ፦ እኔ የሕግ ሰው ነኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱን ይለያቸዋል። የእንስሳ ባለቤት ባያጠፋም እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሽማግሌው ግን «ጥፋቱ» ሲሉ የተበላውንም ከፋዩንም ባንድ አፍ ጠሩ። «ጉዳት» ብለህ ብትጽፍ ግማሹን ታስቀርባቸዋለህ። «ጥፋት» ብትል ደግሞ ባለበሬው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይነሣል።

ቅኔ ቤት፦ ጉዳትም እኮ ከጐድአ ነው። መምታት፣ መግጨት። በሬ ሲወጋ እንጂ ሲበላ አይሆንም።

ቦሩ ሜዳ፦ ጐድዐ! በዐይኑ።