የኢንተርፌሮን ጋማው ፕሮፖዛል፦ እስከ ዓርብ ይዘጋ (የማኅበራችን የቡድን ውይይት፤ ተናጋሪዎቹ በሰፈራቸው ወይም በሥራቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊው፦ ሦስተኛው ረቂቅ ነው። ሐሳቡ ያው ነው። ከቲቢ ታማሚ ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ 44 ሰዎች ደም እንወስዳለን፣ ኢንተርፌሮን ጋማውን፣ ማለትም የደም ሴሎች የቲቢ ጀርምን ሲለዩ የሚለቁትን ፕሮቲን፣ በኤላይዛ (ፕሮቲንን በቀለም ለውጥ በሚለካ የላብራቶሪ ዘዴ) እንለካለን። የምንገዛው ኪት ሁለት ፕሌት (ናሙና የሚጨመርባቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት ሰሌዳ) አለው፤ በፕሌት 22 ሰው። ከዚያ በላይ ኪሳችን አይችልም።

አቶቴ፦ ርዕሱ «ሐዋሳ» ይላል። ማኅተማችን «ሀዋሳ» ነው። ይስተካከል።

መናኸሪያ፦ ሐመሩ «ሐ» ምን አደረገህ?

ታቦር፦ እኔ ያደግኩት «አዋሳ» እያልኩ ነው። የአባቴ መታወቂያም እንደዚያ ነው የሚለው።

አቶቴ፦ ቀልዱን ተዉት። አምና በአንዲት ፊደል ደብዳቤያችን ተመልሷል። ሁለት ሳምንት የተመላለስኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በኪሴ ባጃጅ።

ገንዘብ ያዥ፦ የባጃጁን ደረሰኝ አላየሁም።

አቶቴ፦ ባጃጅ ደረሰኝ ይሰጣል እንዴ?!

ሴሮሎጂ፦ ኧረ ወደ ሥራው! ረቂቁ «ናሙናው በማግስቱ ኢንኩቤተር ይገባል» ይላል። ስሕተት ነው። ከተቀዳ በ16 ሰዓት ውስጥ 37 ዲግሪ መግባት አለበት፤ ከዚያ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ለአንድ ሰው አራት ቱቦ፣ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር። ተቀድቶ ወዲያው 10 ጊዜ ይነቅነቅ። አንቲጅኑ (ሴሎቹን የሚቀሰቅሰው የቲቢ ጀርም ፕሮቲን) የተለጠፈው ቱቦው ግድግዳ ላይ ነው። «ታማሚ ለመለየት» የሚለውም ይውጣ። ምርመራው የተኛውን ቲቢ (ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ኖሮ ያላሳመመውን) ከነቃው አይለይም።

መናኸሪያ፦ እሺ። ግን በ«ሐ» ላይ ድምፅ እንስጥ።

ታቦር፦ በፊደል ድምፅ የሰጠ ማኅበር ካለ እኛ ነን።

አቶቴ፦ እኔ ወጥቻለሁ። ፊደል የማይገዳችሁ ጻፉት።

ጸሐፊው፦ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻውን እኔ እሞላለሁ ያለችውስ የት ገባች?

ታቦር፦ ከማክሰኞ ጀምሮ መልእክት አታነብም።

ሴሮሎጂ፦ አምና ሌሊት መብራት ሄዶ ኢንኩቤተሩ ሲቀዘቅዝ የሆነውን ረሳችሁት? ጠዋት ፕሌቱን ስናነብ ሐምራዊ ክዳን ያለው የሚቶጅን ቱቦ እንኳ ዝም አለ፤ ሚቶጅን ቲቢ ኖረም አልኖረም ሴሎቹን የሚቀሰቅስ መቆጣጠሪያ ነው። ሚቶጅን ዝም ካለ፣ ሌላውም ዝም ካለ፣ «ነጋቲቭ» አይባልም፤ «አልታወቀም» ነው። ያን ሁሉ ሰው እንደገና ወጋነው። አንዷ እናት «ደሜን የት አደረሳችሁት?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያ ኪቱን አሁን መግዛት ብር ውሃ ውስጥ መጣል ነው። መጀመሪያ ጄኔሬተር።

ታቦር፦ ዩፒኤስ አይበቃም?

ሴሮሎጂ፦ ሌሊቱን ሙሉ? አይበቃም።

መናኸሪያ፦ ጄኔሬተር ካለ ፍሪጁም ይድናል። ኪቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግፌያለሁ።

አቶቴ፦ ተመለስኩ። ማኅተሙ እኔ ጋ ነው፣ የት ልጣለው?

ጸሐፊው፦ ደግ አደረግክ። ርዕሱ «ሀዋሳ» ሆኗል። ጄኔሬተር ከተገዛ ለኪቱ ምን ይተርፋል?

ገንዘብ ያዥ፦ ለነዳጅ እንኳ አይተርፍም።

ሴሮሎጂ፦ 44ቱ ሰዎችስ? ስም የመዘገብኳቸው አሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ በሚቀጥለው ዙር። አሁን ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ማን ያመጣል?

ጸሐፊው፦ ...ማንም የለም?

አቶቴ፦ እኔ አመጣለሁ። የባጃጁን ግን አስቀድማችሁ ስጡኝ።