ራሷ በእጇ ያልጻፈችው መጽሐፍ የሷ ነው?

ቀለምዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሑፌን የምሠራው በመካከለኛው ዘመንና በህዳሴው ዘመን በነበሩ የአውሮፓ ሴት ጸሐፊዎች ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋናዋ ማርጀሪ ኬምፕ ናት። የእንግሊዟ የሊን ከተማ ሴት፣ የ14 ልጆች እናት። መጽሐፏን ራሷ አልጻፈችውም፤ እየተናገረች ነው ያስጻፈችው፤ አብዛኛውን የጻፈላት ደግሞ አንድ ቄስ ነው። ስለ ራሷ ስትተርክ እንኳ «እኔ» አትልም፣ «ይህች ፍጡር» ነው የምትለው። አማካሪዬ «ታዲያ የምትሰሚው ድምፅ የሷ ነው የቄሱ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። በገዛ እጇ ወደ ጻፈች ሴት ልዙር? ለምሳሌ ክሪስቲን ደ ፒዛን አለች፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በብዕሯ ያሳደገች፣ የእጅ ጽሑፎቿን ዝግጅት ራሷ የምትከታተል ሴት ናት። እባካችሁ ምከሩኝ።

የብራና ወዳጅ፦
እህቴ፣ እንዳትቀይሪ! በዚያ ዘመን ነገሥታቱም ጳጳሳቱም ያስጽፉ ነበር፤ ብራና ላይ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የእንግሊዝ ኖርፎክ አውራጃዋን ማርጋሬት ፓስተን ተመልከቻት። ከ100 በላይ ደብዳቤ ትታለች፣ ሁሉንም ያስጻፈችው ለሌሎች እየነገረች ነው። የጸሐፊው እጅ ይቀያየራል፣ ሴትየዋ ግን ያችው ናት። በ1448 ባሏን «ቤቱን የምንከላከልበት ቀስት ላክ» ካለችው በኋላ እዚያው ደብዳቤ ላይ ለውዝና ስኳር ታዝዘዋለች። ይህን የትኛው ጸሐፊ ይፈጥረዋል? ቄሱንም አትደብቂው። መቅድሙን አንብቢ፦ ከቄሱ በፊት የነበረው የመጀመሪያው ጸሐፊ የጻፈው ቄሱን አልነበብ እንዳለው፣ በማርጀሪ ላይ የሚወራውን ፈርቶም ሥራውን ለዓመታት እንዳጓተተ እዚያው ተጽፏል። እኔ ብሆን ለሱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እሰጠዋለሁ።

አንባቢት፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ንጉሥ ሲያስጽፍና ማርጀሪ ስታስጽፍ እኩል አይደለም። ንጉሥ ጸሐፊውን ያዝዘዋል። እሷ ግን ሌስተር ላይ የታሰረች፣ ዮርክ ላይ ሊቀ ጳጳሱ ፊት ቀርባ በእምነቷ የተመረመረች ሴት ናት፤ ቄሱ ካልተቀበላት መጽሐፍ የለም፣ ከተቀበላት ደግሞ ከለላዋም ዳኛዋም እሱ ነው። ማርጌሪት ፖሬትን አስቢ። በመጽሐፏ ምክንያት መናፍቅ ተብላ በ1310 ፓሪስ ላይ ከነሕይወቷ ተቃጠለች። መጽሐፏ ግን ስሟ ተፍቆ ለዘመናት ሲነበብ ኖሮ፣ የሷ መሆኑን ሮማና ጓርኒየሪ የምትባል ተመራማሪ የለየችው በ1946 ነው። ስለዚህ «ድምፁ የማን ነው» ከማለት «ይህ ድምፅ እንዲያልፍ ማን ፈቀደ» ብትዪ ይሻልሻል።

በገዛ እጅ መጻፍም ከዚህ ነፃ አያወጣም። የጣሊያኗ የቬሮና ከተማ ሴት ኢሶታ ኖጋሮላ ላቲኗ የተመሰከረለት ነበር። ጓሪኖ ለሚባለው ታላቅ መምህር ደብዳቤ ጻፈች፤ ዝም አላት፤ ከተማው ተሳለቀባት። አፍራ አልተቀመጠችም፣ ዝምታህ መሳቂያ አደረገኝ ብላ ደግማ ጻፈችለት፣ ያን ጊዜ መለሰላት። እኔ ይህን የደብዳቤ ልውውጥ በጣም ነው የምወደው።

ሞገስ ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አሁን በእጃችን ያለው የማርጀሪ መጽሐፍ የቄሱ እጅ እንኳ አይደለም፤ ሳልታውስ የሚባል ሰው የገለበጠው ነው። በ1934 እስኪገኝ ድረስ ሙሉውን ያየ ተመራማሪ አልነበረም። ዳርቻው ላይ ደግሞ አንባቢ መነኮሳት የጻፉት ማስታወሻ አለ፣ ከፊሉ በቀይ ቀለም። በዘመናዊ እንግሊዝኛ ብቻ ካነበብሽው ይህ ሁሉ ያመልጥሻል። የእጅ ጽሑፉን ምስል ፈልገሽ እይው።

ቀለምዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ርዕሱን አልቀይርም። ቄሱና ገልባጩ አንድ ምዕራፍ ያገኛሉ፣ መነኮሳቱንም እዚያው አስገባቸዋለሁ። ኖጋሮላን ለንጽጽር ላምጣት ብዬ ነበር፣ ግን ላቲን አልችልም። ትርጉም ይበቃኛል?

አንባቢት፦
ለንጽጽር ያህል ይበቃሻል፣ ግን በትርጉም መሥራትሽን መግቢያው ላይ በግልጽ ጻፊው። ለማርጀሪ ግን የዘመኑን እንግሊዝኛ ራሱን አንብቢ። መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ ድምፅ አውጥተሽ ስታነቢው ይቀልልሻል።