የደረት ቱቦ ያለበትን ታካሚ ከአልጋ ስታስነሡ ጠርሙሱን ማን ይይዛል?

አዲስ ፊዚዮቴራፒስት፦
ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ባጃጅ ተገልብጦበት የጎድን አጥንቱ የተሰበረ፣ በቀኝ ደረቱ አየርና ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ የገባለት ወጣት እንዳስነሣ ታዘዝኩ። ሐሳቤ ሁሉ እግሩ ላይ ነበር፤ ይከዳው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። በአልጋው ግራ በኩል አስቀመጥኩት፤ የቱቦው ጫፍ የሚገባበት ውኃ ያለበት ጠርሙስ ግን በቀኝ በኩል ወለሉ ላይ ነበር። ቱቦው መወጠሩን ያዩት እናቱ ሊረዱኝ ብለው ጠርሙሱን አንሥተው ፍራሹ ላይ፣ ትከሻው አጠገብ አኖሩት። ነርሷ ከበሩ ላይ ጮኸች። ልጁ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ላይ የጣቱ ኦክስጅን ንባብ 78 ሲል ልጁ ከእኔ ጋር ረጋ ብሎ ያወራ ነበር። የቱን ልመን?

በሥራው 11 ዓመት የቆየ፦
ወንድሜ፣ እናትየው ላይ አትፍረድ። ጠርሙሱ ምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። የቱቦው ጫፍ ውኃው ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ አየር ከደረት ይወጣል እንጂ ተመልሶ አይገባም። ጠርሙሱ ከደረት በላይ ከፍ ካለ ፈሳሹ ወደ ደረቱ ሊመለስ ይችላል። ከተጋደመ ደግሞ ጫፉ ከውኃው ወጥቶ አየር ይገባል።

እኔ ታካሚውን ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱን ቱቦ ከቆዳው ጀምሬ እስከ መጨረሻው በእጄ እከተላለሁ፤ ጮክ ብዬም እጠራዋለሁ፦ ጉሉኮስ፣ ኦክስጅን፣ ደረት፣ ሽንት። ከዚያ ታካሚውን ጠርሙሱ ባለበት በኩል አስነሣለሁ። የሞኒተሩ ገመድ ቢነቀል መልሰህ ትለጥፈዋለህ፤ የደረት ቱቦ ቢነቀል ግን አንተ የምትመልሰው አይደለም። የሽንቱን ከረጢት አስቀድመህ አስጎድለው፤ ከፊኛው በታች ይሁን፣ ወለል ግን አይንካ። ጠርሙሱን የሚይዝ ሰው ሌላ ምንም አይሥራ። ሰው ሲጠፋ ለእናትየው «ከጉልበቱ በታች፣ ቀጥ አድርገው» ብዬ አሳይቼ እሰጣቸዋለሁ።

ሲራመድ ቱቦውን በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ዝጋ የሚልህ ካለ አትስማው፤ ሳንባው አየር የሚያፈስ ከሆነ የታፈነው አየር ልብና ሳንባውን ይጫናል። በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ማለቱ ደግ ነው። ድንገት ከቆመ ቱቦው ታጥፎ ወይም ልጁ ተቀምጦበት እንደሆነ እይ።

78 ስላልከው፣ የእጅ አንጓውን የልብ ምት ቁጠርና ሞኒተሩ ካሳየው ጋር አስተያየው። ካልገጠሙ ጣቱ ላይ ያለው መሣሪያ በትክክል አያነብም፦ የቀዘቀዘ ጣት፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የጥፍር ቀለም። ከገጠሙ ግን ቁጥሩን እመን፤ ልጁ እያወራም ቢሆን አስቀምጠው፣ ነርሷን ጥራ። ሐኪሙ ሌላ ቁጥር ካልሰጠኝ ከ90 ሲወርድ አቆማለሁ።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፦
እርሳቸው ከጻፉት በአንዱ አልስማማም። ጠርሙሱን አስታማሚ አይያዘው። ልጃቸው ሲያቃስት እናት ጠርሙሱን ጥለው ወደ ልጃቸው ይሮጣሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሩኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ። ደግሞም ከግማሽ ሰዓት በፊት ብትነግሩኝ የሕመም ማስታገሻውን እሰጠዋለሁ፤ ደረቱ እየወጋው በረጅሙ ሊተነፍስ አይችልም።

ቱቦው ከደረቱ ከወጣ ቀዳዳውን ወዲያው በእጃችሁ ሸፍናችሁ ጩኹ፤ ጓንት ፍለጋ አትሂዱ። ታካሚው በኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን በሚያጣራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ላይ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ እንደሚቆም አስቡ፤ ከመነሣቱ በፊት የኦክስጅን ሲሊንደሩ አጠገቡ መኖሩን፣ ጌጁም (መጠኑን የሚያሳየው) ባዶ አለማለቱን እዩ።

በሥራው 11 ዓመት የቆየ፦
ሲስተር፣ ስለ እናትየው ያልሽው ልክ ነው። ከእንግዲህ እጠራሻለሁ።

አዲስ ፊዚዮቴራፒስት፦
ዛሬ ጠዋት በቀኝ በኩል አስነሣሁት። ነርሷ ጠርሙሱን ያዘች፣ እናቱ ነጠላቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት፣ እስከ መስኮቱ ደርሶ ተመለሰ። ጣቱን በመዳፌ አሙቄ ሳነበው 94 ነበር።