ጥቆማ፦ የዘንዶ፣ የጭራቅና የዩኒኮርን መጽሐፍ ጅማ ላሉ ልጆች

አንዲት እናት እንዲህ ብላ ጠይቃ ነበር፦ «ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ዩኒኮርን፣ ባለ አንድ ቀንዱ የተረት ፈረስ፣ ነፍሷ ነው። ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ስለምትረዝም ‹ቀጭኔ› ይሏታል። አሁን አሁን ጎበጥ ብላ መሄድ ጀምራለች። በራሷ እንዳታፍር የሚረዳ የሥዕል መጽሐፍ ከየት ላግኝ? አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አልችልም።» ብዙ ሰው መልሷል። እኔም የማውቀውን ልጨምር።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ መጽሐፉን ከኋላ ክፈቱት። የዚህ ዓይነት ታሪክ አካሄዱ ይታወቃል። እሳት መትፋት ያቃተው ዘንዶ፣ ቀንዱ የተጣመመ ፈረስ ወይም ሰው መብላት የሚያስጠላው ጭራቅ ይኖራል። ይስቁበታል፣ ይደበቃል፣ ያለቅሳል። ልዩነቱ አጨራረሱ ላይ ነው። በአንዳንዶቹ ቀንዱ ይቃናና ሁሉም ያጨበጭባል። እሱን መልሱት። ልጅቷ ይዛ የምትቀረው «እኔም አንድ ቀን እስተካከላለሁ» የሚለውን ነው። ቁመት ደግሞ አይስተካከልም።

ሁለተኛው ዓይነት ተንኮለኛ ነው፤ ብዙ ወላጅ አይነቃበትም። የተናቀው ፍጥረት በዚያው በተጣመመ ቀንዱ ገደል የገባ ጓደኛውን ጎትቶ ያወጣል። ከዚያ ሁሉም ይወደዋል። ልብ ይነካል፤ ልጆችም ድገሙልን ይላሉ። ግን ገደል የገባ ባይኖርስ? ሲስቁበት ሊኖሩ ነበር ማለት ነው? ልጅ ይህን አፍ አውጥታ አትጠይቅም፤ ግን ይገባታል። እኔ የምመርጠው ቀንዱ እንደተጣመመ ቀርቶ፣ ማንንም ሳያድን፣ አብሮት የሚጫወት የሚያገኝበትን ነው። እንዲህ ያለው ብዙ አይገኝም። ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩ።

ሥዕሉንም ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ አንገቱን ደፍቶ ገጹ ጥግ ላይ የተሣለው ዘንዶ፣ መጨረሻ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሁለቱን ገጽ ከሞላ፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ ነገሩን ያገኘዋል። ጽሑፉ በየገጹ «ራስህን ውደድ» እያለ የሚሰብክ ከሆነ ግን ሠዓሊው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ወደ ገበያው እንሂድ። ሂርማታ መርካቶ ዙሪያም ሆነ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጎን የልጆች መጽሐፍ ይይዛሉ። ከውጭ የገቡት እንግሊዝኛዎቹ ወረቀታቸው ወፍራም፣ ቀለማቸው ዓይን የሚገባ ነው። ዋጋቸው ግን ኪስ ይጎዳል። በተለይ ዩኒኮርን ያለባቸው አብዛኞቹ ብልጭልጭና ተለጣፊ ብቻ ናቸው፤ ታሪክ የሚባል ነገር የላቸውም። ለልደት ስጦታ ይሆናሉ። ለጠየቅሽው ነገር ግን አይሆኑም።

አገር ውስጥ የታተሙት ቀጫጭን የአማርኛ ተረቶች ዋጋቸው ይቀላል፤ ቋንቋቸውም ጆሮ ውስጥ ይገባል። ድክመታቸው ኅትመቱ ነው። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ስቴፕሉ ይወልቃል። ሌላው ደግሞ ጭራቁ ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ ተታልሎ ገደል ይገባና ያልቃል። እኔ ለዚህ መላ አለኝ። ታሪኩን እንዳለ አነብና መሀል ላይ «ይኼ ጭራቅ ለምንድነው ብቻውን የሚኖረው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ሌላ ታሪክ ይፈጥራሉ። በኦሮምኛ ተረት ላደጉትም ቡልጉ አለላቸው፤ እሱም ሰው በላ ነው፣ ለዚህ ጨዋታ ይመቻል።

በቅናሽ ሳይሆን በነፃ የሚገኘው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጅማ ላለ ሰው የሚያዋጣው እሱ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ድረ ገጽ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሥዕል ታሪኮች አሉት። ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያም አለው፤ አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ስቶሪዊቨር ደግሞ የሕንዱ አሳታሚ ፕራታም ቡክስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ድረ ገጽ ነው። ታሪኮቹን እንደ ልጁ የማንበብ አቅም በአራት ደረጃ ከፍሏቸዋል። ሁለቱም ላይ የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም ሳትቆርጡ አትማችሁ ለልጅ መስጠት ይፈቀዳል። ሥዕሎቹን ተጠቅማችሁ የራሳችሁን ታሪክ መሥራትም ትችላላችሁ። እንግዲህ ረጅሟን ዩኒኮርን ራስሽ ጻፊያት!

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትርጉሙን ማንም ፈቃደኛ ሰው ሊሠራው ስለሚችል አማርኛው አንዳንዴ ይጎረብጣል። ከማሳተማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላስ ላይ የተሰናከለ ዓረፍተ ነገር ልጅ ፊትም ይሰናከላል።

ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የሚባሉ የልጆች መጻሕፍትም አሉ። እንግሊዝኛና አማርኛ፣ ወይም እንግሊዝኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ናቸው። ይህ ለጅማ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ አማርኛ እያወራ ትምህርት ቤት በቁቤ የሚማር ልጅ ስንት አለ። እንዲህ ላለው ልጅ አንዱን ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ አውርዳችሁ ብታሳትሙለት፣ ትምህርት ቤት የተማረውን ለእናቱ ያነባል፣ እናትም ለእሱ። የታተመው ቅጂ ጅማ መደርደሪያ ላይ አልገጠመኝም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ያስመጣ።

«ዩኒኮርን የፈረንጅ ነው፣ ለልጅ ምን ያደርጋል?» ላላችሁት ወንድሜ፦ ባለ አንድ ቀንዱ እንስሳ እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የሚባለው የእንስሳት መጽሐፍ ስለ እሱ ይናገራል፤ ተቃጥላ ከአመዷ ስለምትነሳው ወፍም እንዲሁ። አንጸባራቂውን ሮዝ ጸጉር ግን እኔም አልከራከርለትም።

ለልጅቷ ደግሞ ከመጽሐፍ ውጭ አንድ ጥቆማ። ቅዳሜ ጅሬን ውጡና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳያት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን የገዙ፣ በቁመታቸው እስከ ዛሬ የሚወራላቸው ሰው ናቸው። «ቀጭኔ» ያላቸው ሰው ነበር ወይ ብላ ብትጠይቅሽ መልሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ከዚህ በታች ለመጡ ጥያቄዎች፦

«እዚህ ማሳተም ስንት ያስወጣል?» ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ሁለት ሦስት ኮፒ ቤት ጠይቁ። ኤ4 ለሁለት ታጥፎ ሲሰፋ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። 16 ገጽ ማለት ፊትና ጀርባ የታተመ አራት ቅጠል ነው። ተራው 80 ግራም ወረቀት የጀርባውን ሥዕል ያሳያል፤ ወፍራሙን፣ 120 ግራሙን፣ አላችሁ ወይ በሉ። አንድ ቅጠል ለሙከራ ሳታዩ ሙሉውን አታሳትሙ። እኔ አረንጓዴ ዘንዶ ልኬ ቡናማ የሰጡኝ ቤት አለ፤ ቀለም አልቆባቸው ኖሯል፣ ማንም ትንፍሽ አላለም።

«ከአዲስ አበባ ባስልክስ?» እዚያ የሚመርጥልሽ ሰው ካለ ጥሩ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ በማግሥቱ ይደርሳል። ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ፎቶ አንስቶ እንዲልክልሽ አድርጊ፤ ከዚያ ይግዛ።

«የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ዘንዶው ያስፈራዋል።» ለሱ ከእንስሳት ጀምሪለት እህቴ። ጅማ አጠገብ ቦዬ ረግረግ ወስደሽ ጉማሬ ያሳየሽው ልጅ የጉማሬ ታሪክ አይፈራም። ዘንዶው ይቆየው።

«ላሚኔት ላድርገው?» ሽፋኑን ብቻ። ውስጡ ላሚኔት ከሆነ ለሁለት አይታጠፍም፤ ጠርዙም ለልጅ ጣት ስለት ነው።