ጋሻ ስንት ዓይነት ነው? ለተማሪዎቼ ከየሙያው እየሰበሰብኩ ነው

የሳቢያን መምህርት (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ድሬ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክበባችን አንድ ግድግዳ ተሰጥቶናል። በየሴሚስተሩ ልጆቹ አንድ ነገር ይመርጣሉ፤ እሱ በየሙያው ምን እንደሚሠራ እየጠየቅን እንጽፍበታለን። የአሁኑ ምርጫቸው «ጋሻ» ነው።

መነሻው የክፍል ክርክር ነበር። የማይክ ገመድ ውስጥ ያለውን የሽቦ ሽሩባ «ይሄ የገመዱ ጋሻ ነው» አልኳቸው። አንዱ ልጅ ተነስቶ «ጋሻማ ጦር የሚመክት ነው፤ ገመድን ማን ሊወጋው ነው?» አለ። አባቱ በያጅ የሆነ ሌላ ልጅ ስለ ብየዳ ማስክ ማውራት ጀመረ። ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተውኳቸው።

እስካሁን የጎሽና የጉማሬ ቆዳ ጋሻ፣ ጋሻ ጃግሬ፣ በድሮው ጊዜ መሬት የሚለካበት ጋሻ (40 ሄክታር ገደማ) ተጽፈዋል። ሰማይ ላይም ጋሻ የሚባሉ ከዋክብት አሉ፤ ሄቬሊየስ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1684 ነው ስሙን ያወጣላቸው። ይሄ ሁሉ ከመጽሐፍ የተገኘ ነው። ከእናንተ የምፈልገው በእጃችሁ የምትነኩትን ነው።

ጥያቄዬ፦ የናንተ ሥራ ላይ ያለው ጋሻ ከምን ይከላከላል? ከምንስ አይከላከልም? ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ልጆቹ «ጋሻ የያዘ ሰው ምንም አይነካውም» ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም።


በያጁ (ድሬዳዋ)

እህቴ መምህርት፣ ያንን ልጅ አባቱ በደንብ አሳድጎታል። እኛ በር፣ መስኮትና የሮቶ መቆሚያ እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ ላሜራና ቱቦላሬ ነው።

ማስኩ የሚከላከለው ከብልጭታው ብርሃን ነው። መስታወቱ ቁጥር አለው፤ ለኛ ሥራ 10 ወይም 11 ይሆናል። የፀሐይ መነጽር ያንን አይተካም። ክፋቱ ሕመሙ ወዲያው አለመምጣቱ ነው። ለማጁ ልጅ ያለ ማስክ ሁለት ሦስት ቦታ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ምንም አይሰማውም። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሌሊት ላይ፣ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ይመስለዋል። እንባው ይወርዳል፣ መብራት ማየት ያቅተዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ድንች ቆርጠው ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉ አሉ። ቅዝቃዜው ያስታግስ ይሆናል እንጂ አያድንም። የባሰው የሚያደነዝዝ ጠብታ ከሰው ተቀብሎ ደጋግሞ መጨመር ነው፤ ሕመሙን እየደበቀ ዓይኑን ያቆስለዋል። ሐኪም ይየው።

ብርሃኑ ከነጭ ግድግዳም ተመልሶ ይመጣል። ልጆች ብየዳ ማየት ይወዳሉ። አጠገቤ ልጅ ቆሞ ካየሁ እኔ ኤሌክትሮድ (የመበየጃውን ዘንግ) አላነሳም።

ማስኩ የማይችለው ጭሱን ነው። በተለይ ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣውን ነጭ ጭስ። የዚያን ዕለት ማታ ሰውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ሁሉም «ወተት ጠጣበት» ይላል። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። የሚበየደውን ቦታ ልባጩን መፋቅ፣ ደጅ መሥራት፣ ነፋሱን በጎን ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

ሌላ ልጆቹ የማያውቁት ጋሻ አለ። ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ልባስ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ሲቃጠል ጋዝ ይሆንና የቀለጠውን ብረት ይከብበዋል። የአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን እንዳይገቡበት ይጠብቀዋል። የተረፈው ቀልጦ ብየዳው ላይ ይተኛል፤ ብረቱ እስኪበርድ ይሸፍነዋል። በመዶሻ የምናራግፈው ጥቁር ቅርፊት እሱ ነው። ልባሱ በረገፈ ኤሌክትሮድ ብትበይጂ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። እርጥበት የገባበትም ያስቸግራል። በር ላይ ከሆነ ቀለም ይደብቀዋል። የሮቶ መቆሚያ ላይ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ውሃ ሰው ላይ ሊወርድ ነው። ለዚህ ነው ቀለም ሳይቀባ በፊት ደንበኛው መጥቶ ብየዳውን እንዲያይ የምጠራው።


ሳውንድ ሲስተም (ከዚራ)

ለገመዱ ልጅ፦ ገመዱን የሚወጋው የጎረቤቱ መብራት መስመር ነው። ሠርግ ላይ የማይክ ገመድ ከጀነሬተር መስመር ጋር ጎን ለጎን ከተዘረጋ ስፒከሩ «ህምምም» ይላል። ሽሩባው ያንን ድምፅ ተቀብሎ ወደ መሬት መስመር ይሸኘዋል። ጫፉ ከጃኩ ተነቅሎ ከሆነ ግን ሽሩባው ቢኖርም አይረዳም። ገመዱን ሁልጊዜ ጫፉ ጋ ነው መፈተሽ።


ራጅ ክፍል (ሐረር)

የኛ ጋሻ እርሳስ ነው፤ የሚጻፍበት ሳይሆን ከባዱ ብረት። የምንለብሰው ሽርጥ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው እርሳስ እኩል ጨረር ይይዛል። ሥራው በዋናነት ከታካሚው ገላ ተበትኖ ወደኛ የሚመጣውን ጨረር መቀነስ ነው። ዋናው ጨረር ፊት ሽርጥ ለብሶ የሚቆም ባለሙያ የለም።

ሽርጥ አይታጠፍም፤ ይሰቀላል። ከታጠፈ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ግን ደህና መስሎ ይቀራል። ስለዚህ በየጊዜው ሽርጡን ራሱን ራጅ እናነሳዋለን። ስንጥቅ ካለ እዚያ ይወጣል።

ክርክር ለሚወዱ ልጆችሽ ደግሞ ይሄን ስጫቸው። ለብዙ ዓመታት ታካሚ ራጅ ሲነሳ የመራቢያ አካሉ በእርሳስ ይሸፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ይህ ልማድ እንዲቀር መከረ። የዛሬ ማሽን የጨረሩን መጠን በራሱ ይመጥናል። እርሳሱ መመጠኛው ፊት ከገባ ማሽኑ ጨረር ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ሐኪሙ ሊያየው የሚፈልገውን ቦታም ሊጋርድ ይችላል። ታካሚው ግን «ለሌላው ሸፍናችሁ ለኔ ለምን ተዋችሁኝ?» ብሎ ይጨነቃል። ጭንቀቱ እውነተኛ ስለሆነ ሰልፍ ቢኖርም ቆሜ አስረዳለሁ።


የሳቢያን መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የራጁን ጉዳይ ለሁለት ቡድን ከፍዬ አከራክራቸዋለሁ። በያጁ፣ ያ ጥቁር ቅርፊት ካለህ ለግድግዳው ትንሽ አስቀምጥልኝ።


የጀጎል ልጅ (ሐረር)

አቦ፣ ጋሻ ተብሎ ግንቡ ይረሳል? ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ ከተማዋን ከጥቃት ለመጠበቅ የተሠራ ነው። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር።

ቱሪስት የሚያየው የግንቡን ቁመት ነው። እኔ ለልጆችሽ የማሳየው ግን ከግርጌው ያሉትን ቀዳዳዎች ነው። ሌሊት ጅቡ በዚያ ገብቶ መንደሩ የጣለውን ለቅሞ ይወጣል። በልጅነታችን ወላጆቻችን ጅቡ ላይ ድንጋይ እንዳንወረውር ይቆጡን ነበር። ለጠላት የተሠራ ግንብ ለጅብ መግቢያ ትቶለታል።

የማይከላከለውን ደግሞ ታሪኩ ይነግርሻል። እ.ኤ.አ. በ1875 ግብጾች ከተማዋን ያዙ። ከእነሱ በኋላ በ1887 የአሚር አብዱላሂና የምኒልክ ጦር የተገናኙት ጨለንቆ ላይ ነው፤ የሐረር ዕጣ የተወሰነው ከግንቡ ርቆ ነው ማለት ነው። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። በዳገቱ ደንገጎን አልፎ ነው፣ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። እኔ አዞራቸዋለሁ።


ድንጋይ ወዳጅ

ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት። ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ትንሽ ይለያል፦ የኛ ጋሻ ከምንም አይከላከልም። ስሙን ያገኘው በቅርፁ ነው።

መሬት ላይ የተዘረጋ ጋሻ የሚመስል፣ ሰፊና ጎኑ ገደል ያልሆነ እሳተ ገሞራ አለ። ላቫው ቀጭን ስለሆነ ሳይከመር ርቆ ይፈስሳል። አፋር ያለው ኤርታ አሌ እንዲህ ነው፤ ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮችም የአሮጌ ጋሻ እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው። 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዝናብና ወንዝ ስለሸረሸራቸው ነው ዛሬ ገደል ሆነው የምናያቸው።

ሁለተኛው የዓረቢያና የኑቢያ ጋሻ የሚባለው ነው። በጣም ያረጀ የምድር ቅርፊት ሳይሸፈን የሚታይበት አካባቢ ነው። ቀይ ባሕር ሲከፈት ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ወገን ሳዑዲ፣ ሌላው ሱዳን፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ ሆኖ ቀረ። ወርቅ ፈላጊዎች የሚዞሩት እንዲህ ባለ አሮጌ ድንጋይ ላይ ነው።


ጤና ኤክስቴንሽን (ድሬዳዋ)

መምህርት፣ አጎበር እንዳይረሳ! የማይከላከለውን ማወቅ ያለበት የድሬ ሰው ነው።

አጎበር የተሠራው ሌሊት ለምትነክሰው የወባ ትንኝ ነው። በዚያ ሥራው ጎበዝ ነው፤ መድኃኒት ስላለው ትንኟን ይገድላታል። ግን እዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ገብቷል። ሁለቱን በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤዴስ የተባለች ሌላ ትንኝ ናት፤ የምትነክሰው በቀን ነው። ቤት ለቤት ስዞር «አጎበር ሰጥታችሁን የለ እንዴ፣ ለምን ታመምን?» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው አጎበር ውስጥ አይደለም። ግቢ የሚጫወት ሕፃንም እንደዚያው።

አሁን ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ አለች። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በ2022 በበጋ ድሬ ላይ የተነሳው ወባም ከእሷ ጋር ተያይዟል። ሰው ወባ የክረምት፣ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው ብሎ ለምዷል። ይህቺ ግን ከተማ ትወዳለች። በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ በርሜል አታስቀምጡ ማለት አንችልም።


የሳቢያን መምህርት

ታዲያ ልጆቹ ቤታቸው ምን ያድርጉ? የሚሠራ ነገር ስጭኝ።


ጤና ኤክስቴንሽን (ድሬዳዋ)

አጎበሩ ይቀጥል፤ ለሌሊቱ ነው። ሮቶው ክዳኑ መግጠሙን ይዩ። በርሜሉ ክዳን ከሌለው በወንፊት ጨርቅ አፉን ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። በየሳምንቱ ውሃውን ለሌላ ሥራ ገልብጠው ውስጡን በብሩሽ ይፈግፍጉት። መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የኤዴስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ውሃ ሲሞላበት ይፈለፈላል። የአሮጌ ጎማና የተጣለ ጣሳ ውሃም ይደፋ። ሐሙስ ከሰዓት ካመቸሽ የትንኝ እጭ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ክፍል እመጣለሁ።