አምስት ልማድ በአንድ ጊዜ መጀመር ለምን አልሆነልኝም?

ጎህ ቀዳጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ባለፉት ሦስት ዓመታት መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ዓይነት ዕቅድ አወጣለሁ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ግማሽ ሰዓት ስፖርት ልሠራ፣ በቀን 20 ገጽ ላነብ፣ ገጠር ላለችው እናቴ በየቀኑ ልደውል፣ ማታ ማታ ወጪዬን በደብተር ልመዘግብ፣ ከልጄም ጋር ስልኬን አስቀምጬ ልጫወት። አካሌም፣ አእምሮዬም፣ ኪሴም፣ ቤተሰቤም አንዱ በሌላው ሳይበደል እንዲሄድ ስለምፈልግ አንዱን መተው አይዋጥልኝም። እስከ ደመራ ድረስ እበረታለሁ፤ የጥቅምት ብርድ ሲገባ ግን አንድ ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል፣ በዚያው አምስቱም ተያይዘው ይቀራሉ። 21 ቀን የታገሠ ሰው ልማዱ አብሮት ይኖራል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ዘንድሮ 26 ቀን ቆጥሬም አልሆነልኝም። ጥፋቱ የስንፍናዬ ነው ወይስ የዕቅዱ? ከአምስቱስ በየትኛው ብጀምር ይሻላል?

የሥነ ልቦና መምህር፦

ስለ 21 ቀኑ ላስቀድም። ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ታካሚዎቹ የተለወጠ ፊታቸውን ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ማስተዋሉን ጻፈ። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ «ቢያንስ» የሚለው ወድቆ ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ስለ ስፖርትም ሆነ ስለ ንባብ የተናገረው አልነበረም።

ከዚህ የሚሻለው ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያደረጉት ጥናት ሲሆን፣ 96 ፈቃደኞች ለ84 ቀናት ተሳትፈውበታል። ድርጊቱ ሳያስቡት የሚፈጸም እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን የሚለያይ ሆኖ፣ መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ነበር (254 የተባለው ከጥናቱ ዕድሜ ስለሚያልፍ በስሌት የተገመተ ነው)። ስፖርት ነክ የሆነው ውኃ ከመጠጣት የበለጠ ጊዜ ጠይቋል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ የመረጠው አንድ ድርጊት ብቻ መሆኑና ያንንም በቀን አንድ ጊዜ ከሚደርስ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ ማሰሩ ነው። አንድ ቀን መዝለልም የጀመሩትን አላበላሸባቸውም። ስለዚህ ያቺን ብርዳማ ጠዋት ይቅር ብለዋት በማግስቱ መቀጠል ይችሉ ነበር።

የጀበና ጎረቤት፦

ልጄ፣ እኔ የተማርኩት ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ወጪ መመዝገብን በተመለከተ የምነግርህ አለኝ። ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ሳስቀምጥ ሳምንት አልዘለቅኩም። አሁን ደብተሩም እስክሪብቶውም ረከቦቱ አጠገብ ነው የሚቀመጡት፤ ጠዋት ጀበናው ከእሳት ወርዶ ቡናው እስኪሰክን ድረስ የትናንቱን ወጪ እጽፋለሁ፤ አቦሉ ሲቀዳ ጨርሻለሁ። እንዲህ ካደረግኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ረቡዕና ዓርብ ልጹም ወይስ አልጹም ብለን ስንመካከር አይተህ ታውቃለህ? ቀኑ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው። አንተ ግን በየጠዋቱ ከብርድ ልብሱ ጋር አዲስ ክርክር ትገጥማለህ።

የሌሊት ተረኛ፦

እናታችን ስለ ደብተሩ ያሉት ግሩም ነው፤ ጾምን ግን ከልማድ ማስያዣ ዘዴ ጋር ማመሳሰሉ አልተስማማኝም። የምንጾመው ለአምላክ ብለን ነው፤ ደግሞም ቤቱ ሁሉ ሽሮ ሲሠራ ብቻውን የሚታገል ሰው የለም። ወንድማችን ግን አምስቱንም ብቻቸውን ነው የያዙት፤ ባለቤትዎ በዕቅዱ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሲነሡ አላየሁም።

እኔ ዋሽንግተን አካባቢ በነርስነት የምሠራ ስሆን በሳምንት ሦስት ሌሊት ለ12 ሰዓት እቆማለሁ፤ ስለዚህ «በዚህ ሰዓት» የሚል ዕቅድ አይሠራልኝም። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ 15 ደቂቃ በሰፈሩ ዙሪያ እራመዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያም ለአዋቂ ሰው የሚመክረውን መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚቆጥረው በሳምንት ነው፤ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ። ሚዛኑን በየዕለቱ ማስጠበቅ ካቃተዎ በሳምንት ይለኩት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ 11 ሰዓት የሚነሡት ስንት ሰዓት ተኝተው ነው? ሰባት ሰዓት ለመተኛት ከምሽቱ 4 ሰዓት አልጋ ላይ መሆን አለብዎት፤ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ቀላል አይመስለኝም።

ጎህ ቀዳጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር የምተኛው ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ስለዚህ የ11 ሰዓቱን መነሣት ለጊዜው ትቼዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ንባቡን ለቅዳሜና ለእሑድ ከሰዓት አዛወርነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ልጃችንን እርሷ ትይዛለች፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ደግሞ እኔ። በየቀኑ የያዝኩት አንድ ብቻ ነው፤ ከቢሮ ወጥቼ ታክሲ ተራ እስክደርስ በእግሬ እየሄድኩ ለእናቴ እደውላለሁ። ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል፤ ሰባተኛው ቀን ላይ ስብሰባ አመሸብኝና ሳልደውል ቀረሁ። በማግስቱ ስደውል እናቴ ምን ደረሰበት ብላ እንቅልፍ አጥታ ነው ያደረችው።

የጀበና ጎረቤት፦

አስቀድመህ ንገራት እንጂ፣ ልጄ። «ካልደወልኩ ሥራ ይዞኝ ነው» በላት። አታምንህም፤ ቢሆንም ንገራት።