ቀዮ ደሴ ሲወጣ ለምን ያጨሳል? ቅዳሜዬን አቃጠለብኝ

የጦሳ ሥር፦

ሰላም ናችሁ የሞተር ወዳጆች።

ከሰኞ እስከ ዓርብ መዝገብ ቤት ነኝ። ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ። ቅዳሜ ግን እጄ ናፍጣ ናፍጣ ካልሸተተ ያረፍኩ አይመስለኝም። ከአጎቴ ጋር በጋራ የገዛነው ዎኪንግ ትራክተር፣ ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ዓይነት፣ አለን። ባለ አንድ ፒስተን፣ በእጅ በሚዞር ማኖቬላ የሚነሳ፣ 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት የቻይና ሞተር ነው። ቀለሙ ቀይ ስለሆነ አጎቴ "ቀዮ" ብሎ ስም አወጣለት። ዕድሜውን ሙሉ በበሬ ያረሰ ሰው ነው። ዛሬም ቀዮን ትልሙ ጫፍ ላይ ሲያዞረው "ተመለስ!" ይለዋል። ጅራፉን ብቻ ነው የተወው።

ቀዮ የሚኖረው ኮምቦልቻ፣ አጎቴ ግቢ ነው። ትናንት ግን ወደ ደሴ አመጣሁት። የእናቴ መሬት ከከተማው ወጣ ብሎ ተረተር ላይ ነው። ግማሽ ጥማድ ብትሆን ነው። በልግ ደርሷል፣ ገብስ ልንዘራ ነው። በሬውን የሚያከራየን ሰውዬ ዘንድሮ ለራሱም አልደረሰም። "እናንተ ሞተር አላችሁ አይደል እንዴ?" ብሎ አሾፈብን። እልህ ያዘኝ። ዓርብ ማታ ቀዮን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ በገመድ ጠፍረን የሀረጎን ዳገት ወጣን።

ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት ማረሻውን አስሬ ገባሁ። የመጀመሪያው ትልም ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ማቃሰት ጀመረ። ጭሱ ጥቁር ነው፤ ጎማ የሚቃጠል ነው የሚመስለው። ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እናቴ አጥባ ያሰጣችው ነጠላ አጥሩ ላይ ነበር። ጥቀርሻው ሄዶ እሱ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተር ማውራት አልተቻለም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሥራ ሳይሰጡት ዝም ብሎ ሲነሳ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል። ማረሻው አፈር ሲነክስ ነው የሚጀምረው። ውሃ ሞልቻለሁ፣ ቀይዋ ምልክት ከፍ ብላለች። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። ከሞተሩ ወደ ጎማው ጉልበት የሚያደርሱትን ቺንጋዎች አጥብቄያለሁ። ናፍጣውም ከማደያ የተቀዳ ነው፣ የመንገድ ዳር ጀሪካን አይደለም።

አንድ መካኒክ ለምኜ አመጣሁ። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በጣቱ ነካ አድርጎ ጥቁሩን አሳየኝና "ፋሻው አልቋል፣ ይከፈት" አለኝ። የፒስተኑን ቀለበት ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ ወገቤን ቆረጠው። አጎቴ ደግሞ በስልክ "ኮምቦልቻ አንድም ቀን አጭሶ አያውቅም። የናንተ ብርድ ነው። መልስልኝ" ይላል። መሃል ላይ ቀረሁ። ልክፈተው ወይስ ልመልሰው?

እናንተስ በዚህ ቅዳሜ ምን ሠራችሁ? የኔን ሬሳ ብቻ እያየን እንዳንውል።

ገራዶ ፓምፕ፦

አብሽር ወንድሜ። ምንም አልሆነም፣ ከፍታው ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የናፍጣ ፓምፑ ግን ይሄን አያውቅም። እዚያ ታች የሚረጨውን እዚህም ይረጫል። ናፍጣው ያው፣ አየሩ ያነሰ። ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ብለህ ያዝ። 12 ፈረስ ብለው የጻፉልህ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆመው ነው። ሦስቱ ፈረሶች መንገድ ላይ ቀርተውብሃል።

የኔ ቅዳሜ? የዶሮ ቤት በር ሠራሁ። ማጠፊያውን ገልብጬ ገጥሜው አሁን ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ዶሮዎቹ በሩ ሥር ይተኛሉ፣ እኔ ውጭ ቆሜ እለምናቸዋለሁ። ነገ እንደገና እነቅለዋለሁ።

ጥማድ በሬ፦

ሽጠህ ሁለት በሬ ግዛ። በሬ አያጨስም።

የጦሳ ሥር፦

@ጥማድ በሬ፣ በሬ ሥራ ኖረም አልኖረም ይበላል። ቀዮ የሚበላው ሲሠራ ብቻ ነው። ዛሬ ሳይሠራም በላ እንጂ።

@ገራዶ ፓምፕ፣ እግዜር ይስጥህ። ስለዚህ መፍትሔ የለውም ማለት ነው? የጦሳን ተራራ ዝቅ አላደርገው ነገር።

ጡረተኛው መካኒክ፦

ልጄ፣ እንዳትከፍተው።

የጭስን ቀለም እይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ፋሻ የምንጠረጥረው ያኔ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል፣ አየር ጠፍቷል። ያንተ ጥቁር ነው። ደግሞ ፋሻው ያለቀ ሞተር ጠዋት ጠዋት በማኖቬላ አስለቅሶ ነው የሚነሳው። ስታዞረው እጅህ ላይ ክብደት አታገኝም፣ ባዶ ነው። ዘይትም ይጠጣል። ያንተ እንዴት ነው የሚነሳው? ዘይት በየስንት ጊዜው ነው የምትጨምርለት?

ቺንጋ ማጥበቅህ ጥሩ ነው። ግን ቺንጋ ቢንሸራተት ኖሮ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አያቃስትም፣ ጎማውም ይቆማል። እሱን ተወው።

ከፍታ ነው ያለው ልጅ እውነት አለው። ሂሳቡን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎታል። ሦስቱ ፈረሶች የጠፉት ከባሕር እስከ ደሴ ባለው መንገድ ነው። አብዛኞቹ ኮምቦልቻም ሳይደርሱ ቀርተዋል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው 650 ሜትር ነው። በራሱ ስሌት 6 ወይም 7 በመቶ ማለት ነው። አንድ ፈረስ እንኳ አይሞላም። አንድ ፈረስ የማይሞላ ጉልበት ጎደለ ተብሎ ሞተር ሦስተኛ ትልም ላይ አይሞትም። ሌላ ነገር አለ። ከፍታው ገመናውን አወጣበት እንጂ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አጎትህ "ኮምቦልቻ አጭሶ አያውቅም" ሲሉ ምን ሲሠራ ነው ያላጨሰው? መጨረሻ ያረሰው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ሲሠራ ከረመ?

እስክትመልስልኝ ድረስ የአየር ፊልትሮውን ፍታ። ከታች ዘይት የሚይዝ ሳህን አለው። ከፍተኸው ታውቃለህ?

አንድ ነገር ደግሞ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያንተ ሞተር ውሃውን እያፈላ በትነት ነው የሚበርደው። እዚህ ላይ ቶሎ ቶሎ እየው። ጎድሎበት ከጋለ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትደፋበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። አጥፍተህ ጠብቀው።

የጦሳ ሥር፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎ አስደነገጠኝ።

በማኖቬላ በሁለተኛው ይነሳል። እጄንም መታ ያደርገኛል። ዘይት ከጨመርኩለት ቆይቷል፣ አይጎድልም።

ለአጎቴ ደወልኩ። መጀመሪያ "ምን ሠራ? ሁሉንም ሠርቷል" አለኝ። ወር በወር እየቆጠርኩ ጠየቅኩት። ሐምሌ ላይ አረሰ። ኅዳርና ታኅሣሥ የመውቂያ ማሽን ሲያዞር ከረመ፤ የራሳችንን ጤፍ፣ የጎረቤቱን ጤፍ፣ የጎረቤቱን አማች ማሽላ። ከዚያ ወዲህ ከቦርከና ውሃ እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣል። በቃ። ከውቂያው በኋላ አንድ ትልም አልሄደም።

ለካ አጎቴ የሚያወራው ስለ ፓምፕ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ማረሻ። ፓምፗ ትንሽ ናት፣ ለቀዮ ጨዋታ ነው። እኔም "ኮምቦልቻ ደህና ነበር" ብዬ አምኜ ተቀምጫለሁ።

"ፊልትሮውንስ ታጥበዋለህ?" ስለው ዝም አለ። ቆይቶ "የቱን ነው የምትለው?" አለኝ።

እኔም አልከፈትኩትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘይት ቀየርኩ፣ ቺንጋ አጠበቅኩ፣ ቀለም ሁሉ ቀባሁት። እሱን ግን አንድ ቀን አልነካሁትም። ነገ ጠዋት እከፍተዋለሁ።

ውሃውን ላሉት ደግሞ አጎቴ ሞተሩ እየሠራ እያለ ውስጡ ድንች ይቀቅልበታል። ችግር አለው?

ጡረተኛው መካኒክ፦

ለሞተሩ ችግር የለውም። አጎትህ ግን ዝገት ነው የሚበሉት።

እሙ ጓሮ፦

የነጠላውን ነገር ማንም አላነሳላችሁም! ጥቀርሻ በእርጥብ ጨርቅ አይታሽም፣ ይሰፋል። ደረቁን አራግፈህ አውርደው፣ ከዚያ በሳሙና ይዘፍዘፍ። ለእናትህ ንገራት። የተሻለ ደግሞ አንተው እጠበው።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ትንሽ የቤንዚን መቆፈሪያ አለችኝ፣ ለጓሮ። የዛሬ ሥራዬ ካንዴላ ማጽዳት ነበር። አስር ደቂቃ ያለቀ ሥራ ነው። ካንዴላ መፍቻውን ስፈልግ ግን ግማሽ ቀን ሄደ። ልጄ አሸዋ ሲቆፍርበት አገኘሁት።

የጦሳ ሥር፦

እሁድ ማታ ነው። ወገቤ ተቆርጧል ግን ደስ ብሎኛል። በዝርዝር ልጻፍ፣ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል።

የፊልትሮውን ክዳን ለማላቀቅ ራሱ ፒንሳ ፈለገ። ታችኛውን ሳህን ሳወርደው ዘይት የሚባል ነገር አልፈሰሰም። ሳህኑን ገለበጥኩት፣ አሁንም አልፈሰሰም። በካቻቢቴ ወጋሁት። ተልባ የተቀላቀለበት ጭቃ ነው የሚመስለው፣ ጥቁርና ወፍራም። መሃሉ ላይ የጤፍ እብቅ እንደ ጭድ ምርጊት ተለስኖ ተቀምጧል። አንዲት ሙሉ የጤፍ ዛላ አገኘሁ። ሳትሰበር! እናቴ አንስታ አየቻትና "ይቺ እንኳ የኛ ጤፍ አይደለችም" አለች።

ከላይ ያለው የሽቦ ጥልፍልፍ ደግሞ ወደ ብርሃን ባነሳው ምንም አያሳይም። ድፍን ነው። ቀዮ ከታኅሣሥ ጀምሮ አፍንጫውን ተይዞ ነው ውሃ ሲስብ የከረመው።

በናፍጣ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የመጀመሪያው ጥቁር፣ ሁለተኛው ቡና፣ ሦስተኛው ላይ ናፍጣ መሰለ። ፀሐይ ላይ አንጠልጥዬው ቡና ተጠጣ። በረካው ሲደርስ ጠብታውን ጨርሶ ነበር። አዲስ ዘይት ሳህኑ ላይ እስካለው መስመር ድረስ ጨመርኩ። ከመስመሩ በላይ ልጨምርበት አስቤ ነበር፣ አቧራውን በደንብ ይይዛል ብዬ። ደግነቱ ሰፈራችን ያለ ሹፌር "ተው፣ ትርፉን ሞተሩ ይስበዋል" ብሎ ያዘኝ። ማርሚታውንም ፈትቼ በእንጨት መታ መታ አደረግኩት። ግማሽ ጣሳ ጥቀርሻ ወጣ።

ከዚያ ማኖቬላ። በመጀመሪያው ተነሳ። ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፣ ጉሮሮውን የጠረገ ሰው ይመስላል።

ማረሻው ሲገባ ጭስ አለ፣ ግን ስስ ነው። ግራጫ ቢጤ፣ ወዲያው ይበተናል። ተረተሩን ሽቅብ ሲሄድ ግን ያጠቁረዋል፤ ያቺ ከፍታ የበላችው ድርሻ እዚያ ላይ ትታያለች። @ገራዶ ፓምፕ፣ አንተም አልተሳሳትክም። እዚያ ቦታ ማረሻውን ሁለት ጣት ያህል አነሳሁት፣ አንደኛ ማርሽ ላይ አደረግኩት፣ ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ መሬቱን ጨረስኩ። ውሃ አራት ጊዜ ነው የጨመርኩት፣ ኮምቦልቻ ሁለቴ ይበቃዋል ይላል አጎቴ። አጎቴ ያለውን ሁሉ እንደማናምን ከትናንት ወዲህ ተስማምተናል።

መካኒኩ ማታ ደወለ። "ፋሻ አገኘሁልህ" አለኝ። አመሰገንኩት።

ነጠላውን እኔ ነኝ ያጠብኩት። አልለቀቀም።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። ተረተሩ ላይ አፈሩ ትንሽ ሲረጥብ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ጎማው ላይ የሚታሰር የብረት ጎማ ላሠራ ወይስ ቸርኬው ላይ ክብደት ልሰር? ብየዳ የሚያውቅ ጓደኛ አለኝ፣ ብረቱም አለ።

ጡረተኛው መካኒክ፦

የብረት ጎማው ለጭቃ መልካም ነው። ድንጋያማ ተረተር ላይ ግን ያንገጫግጭሃል፣ አስፋልት ላይም አይሄድም። ላንተ መሬት መጀመሪያ ክብደቱን ሞክር። ሁለቱን ጎን እኩል አድርገህ እሰር፣ አለበለዚያ ወደ አንድ ወገን እየጎተተ ክንድህን ይጨርሰዋል። የጎማውንም ነፋስ እየው፣ አስፋልት ላይ እንደሚነፋው ጠጥሮ ከሆነ ትንሽ ቀንስለት።

ፊልትሮውን ደግሞ ውቂያ ሲኖር በየቀኑ ማታ ክፈተው። ለአጎትህም አሳያቸው፣ በስልክ አይሆንም።

ገራዶ ፓምፕ፦

ጋሼ፣ እኔም ፓምፔን አሁን ከፈትኩት። ሳህኑ ውስጥ እንቁራሪት አለ።